ጭቃው ከየት መጣ?

(በተመራቂዎች ማኅበር የመገናኛ በዓል ላይ፣ ወልድያ የቀረበ ንግግር)

ከአዲስ አበባም፣ ከባሕር ዳርም፣ ከውጭ አገርም ይህን ሁሉ መንገድ አቋርጣችሁ ለመጣችሁ «እንኳን መኪናችሁ ሳይቆም አደረሳችሁ» ልበላችሁ። ዛሬ የማወራው ስለዚያው ነውና።

አዘጋጆቹ «ከሥራህ አንድ ነገር አካፍለን» ሲሉኝ ስለ ቴክኖሎጂ ሽግግር ምናምን እንድናገር ጠብቀው ይሆናል። እኔ ግን ይዤ የመጣሁት አምስት ሃይላንድ ጭቃ ነው። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ስታዩ «ጠላ ነው ጠጅ?» ብላችሁ የተጠያየቃችሁ አላችሁ፤ ሰምቻለሁ። እባካችሁ ማንም እንዳይቀምስ። አምስቱም የወጡት ከመኪና ራዲያተር ነው፤ መኪኖቹም የወልድያ፣ የመርሳና የሀብሩ ገጠር ቀበሌዎች መኪኖች ናቸው። አንዱ ቀይ ነው፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ እንደ ሊጥ የረጋ፣ አንዱ እንደ ሽሮ የወፈረ፤ የመጨረሻው ደግሞ ምኑም የማይታወቅ ቅልቅል ነው። ጋራዥ ብትወስዷቸው ለአምስቱም የሚታዘዘው መድኃኒት ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ራዲያተሩ ቆሽሿል፤ ይታጠብ፣ ካልሆነም ይቀየር»። እኔ የምለው፣ ራዲያተር ከራሱ አይቆሽሽም። ጭቃው ከሌላ ቦታ መጥቶ ነው እዚያ የተኛው። ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ማጠብ፣ ጣራው እያፈሰሰ ወለል መወልወል ነው።

ነገሩ ትንሽ የሚመስለው ካለ፣ እኛ ዘንድ አንድ አይሱዙ የስንት ሰው እንጀራ እንደሆነ ያስብ። በዕቁብ፣ በብድር፣ ዐረብ አገር ያለች እህት በላከችው ገንዘብ ነው የሚገዛው። ቲማቲም ከጊራና፣ ማንጎ ከመርሳ ጭኖ አቀበቱን የሚወጣ መኪና መሃል ላይ ሲያፈላ የሚበላሸው ሞተሩ ብቻ አይደለም፤ ጭነቱም ነው፣ የገበሬውም ላብ ነው። ሞተሩ ከነደደ ደግሞ ቴስታታው ይጣመማል፣ ጋርኒሲዮኑ ይቀደዳል፤ ሲብስ ብሎኩ ይሰነጠቃል። መለዋወጫ ተፈልጎ እስኪመጣ መኪናው ይቆማል፤ የብድሩ ወለድ ግን አይቆምም።

ለታሪክና ለሒሳብ አያያዝ ተመራቂዎቻችን ስል ጉዳዩን ከሥሩ ልጀምር። ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ኃይል ጎማውን የሚያዞረው በግምት ሲሶው ነው። ሌላው ሲሶ በጭስ ማውጫ ይወጣል። የቀረውን ሲሶ ተሸክሞ የሚያወጣው ውሃው ነው። ውሃው በፖምፓ እየተገፋ በብሎኩና በቴስታታው ውስጥ ባሉ ቦዮች ይዞራል፣ ይሞቃል፣ በላይኛው ማኒኮቶ ራዲያተር ውስጥ ይገባል፤ በቀጫጭን ቱቦዎች ሲያልፍ ነፋስ ያቀዘቅዘውና በታችኛው ማኒኮቶ ይመለሳል። የእነዚያ ቱቦዎች የውስጥ ስፋት ሁለት ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ሁለት ሦስት የጤፍ ፍሬ የሚያህል የዝገት ቅንጣት አንዱን ቱቦ ለመድፈን ይበቃል። (ባለ ባጃጆች ለጊዜው ዘና በሉ። የአብዛኛው ባጃጅ ሞተር በአየር ነው የሚቀዘቅዘው።)

አሁን ወደ መንገዳችን እንምጣ። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን የተማርነው ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው። መርሳ ከባሕር ጠለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ እዚያ ውሃ በ95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ወልድያ በ2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች 93 ይሆናል። ቻይናዎች በሠሩት የወረታ መንገድ ድልብን አልፋችሁ ጋሸና ስትወጡ 3,000 ሜትር ትደርሳላችሁ፤ እዚያ ውሃ 90 ዲግሪ ላይ ይፍለቀለቃል። በሌላ በኩል የብዙ መኪና ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው 82 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 ላይ ነው። ልብ በሉ፤ ክዳኑ የማይሠራ ራዲያተር ጋሸና ላይ ቴርሞስታቱ ሙሉ ሳይከፈት ውሃው ፈልቶ ያልቃል።

ከዚህ ጉድ የሚያድነን ያ ተራ የሚመስለው የራዲያተር ክዳን ነው። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለ። 0.9 ማለት ሲስተሙ ከውጭው አየር በላይ 0.9 ባር ግፊት አፍኖ ይይዛል ማለት ነው፤ ያ ግፊት ጋሸና ላይ የመፍሊያውን መጠን ከ90 ወደ 113 ዲግሪ አካባቢ ከፍ ያደርገዋል። ጎማው የደረቀ፣ ስፕሪንጉ የላላ፣ አልፎ አልፎም በጨርቅ ተጠቅልሎ የታሰረ ክዳን አይቻለሁ። ጨርቅ ውሃ እንዳይረጭ ያግድ ይሆናል፤ ግፊት ግን አይይዝም። ስለ ክዳን ካነሳሁ አይቀር፣ ረዳቶች ሞተር ሲያሞቅ ሮጠው የሚከፍቱትን ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በግፊት የታፈነ ከ100 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውሃ ክዳኑ ሲላላ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል። ፊቱና ደረቱ የተላጠ የ16 ዓመት ልጅ አይቼ አውቃለሁ። ሞተሩ እጅ እስኪያስነካ፣ ግማሽ ሰዓትም ይሁን አንድ ሰዓት፣ መጠበቅ ነው። ተሳፋሪ ይጩህ።

ወደ ጠርሙሶቹ ልመለስ። የመጀመሪያው፣ ቀዩ፣ ዝገት ነው። ጠፍ ውሃ ብቻ እየተሞላ ዓመታት የሠራ የብረት ብሎክ ውጤት። እዚህ ላይ አንድ የስም ጥፋት አለ። «አንቲፍሪዝ» የሚለውን ቃል ስንሰማ «እኛ አገር በረዶ የለ፣ ለምን ገንዘብ እናባክናለን?» እንላለን። ሾፌሩም እንዲህ ይላል፤ ባለቤቱም እንዲህ ይላል፤ እንዲያውም አንዳንድ መካኒክ እንዲህ ብሎ ሲያስረዳ ሰምቻለሁ። ስሙ አሳስቶናል። ኩላንት ውስጥ ያለው ግላይኮል ውሃው እንዳይቀዘቅዝ የሚያደርገውን ያህል ቶሎ እንዳይፈላም ያደርጋል፤ ግማሽ በግማሽ የተደባለቀ ኩላንት ከጠፍ ውሃ ሰባት ስምንት ዲግሪ ዘግይቶ ነው የሚፈላው። ከሁሉ በላይ ግን ለእኛ የሚያስፈልገን ሌላው ነው፦ አብሮት ያለው የዝገት መከላከያ። ብረት፣ አሉሚኒየም፣ መዳብና የብየዳ ቆርቆሮ አንድ ውሃ ውስጥ ተቀምጠው ሲሞቁ እንደ ባትሪ እርስ በርስ ይበላላሉ። መከላከያው በእያንዳንዱ ብረት ላይ ስስ ሽፋን አልብሶ ያስታርቃቸዋል። እሱም ያልቃል፤ ዘላለማዊ አይደለም። ስለዚህ ቀለሙ ስላልጠፋ ብቻ ኩላንቱ ጤነኛ ነው ማለት አይቻልም።

ዝገት ደግሞ አየር ይወዳል። ውሃው ጎድሎ እየሠራ፣ ክዳኑ አየር እያስገባ ከሆነ ይፈጥናል። የቆመ መኪና ላይ የባሰ ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በነበረው ጊዜ ከተማችን ምን እንደገጠማት እዚህ ላላችሁት መንገር አያስፈልገኝም። ብዙ መኪና በየግቢው፣ በየጥሻው ተሸሽጎ ወራት ቆሟል፤ ውሃው ግማሽ ተኖ፣ ግማሹ ብሎኩ ውስጥ ተኝቶ። ሰላም ሲሆን ባትሪ ተቀይሮ፣ ጎማ ተነፍቶ፣ ውሃ ተጨምሮበት ሥራ ጀመረ። ያኔ የተፈጠረው ቀይ ቅርፊት እየተቀረፈ ወደ ራዲያተር መውረዱን የቀጠለው ከዚያ በኋላ ነው። «መኪናዬ ከጦርነቱ በኋላ ማሞቅ አመጣ» የሚል ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ስንት ወር ቆሞ ነበር?» ብዬ ነው።

ሁለተኛውን ጠርሙስ ለማወቅ የቤታችሁን ማንቆርቆሪያ ውስጡን እዩ። ያ ነጭ ቅርፊት ነው። ከጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ይወጣል፤ ሲሞቅ ይለቀዋል፤ የሚለቀው ደግሞ ይበልጥ በሞቀው ቦታ፣ ማለትም ቴስታታው ላይ ነው። ይህ ቅርፊት ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከብረት ከሃያ እጥፍ በላይ ያንሳል። አንድ ሚሊ ሜትር ቅርፊት ለበሰ ማለት የሞተሩ ግድግዳ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል እንደወፈረ ቁጠሩት። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ጌጅ የሚለካው ውሃውን እንጂ ብረቱን አይደለም፤ ስለዚህ ጌጁ መሃል ላይ ቆሞ ብረቱ ውስጥ ውስጡን ይነዳል።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምር። እዚህ የምንነዳው አብዛኛው መኪና የጃፓን ነው። የጃፓን አምራቾች ኩላንታቸው ውስጥ ፎስፌት መጠቀም ይመርጣሉ፤ የአውሮፓዎቹ ደግሞ የአገራቸው ውሃ ጠንካራ ስለሆነ ከፎስፌት ይሸሻሉ። ፎስፌት ያለበትን ጥሩ ኩላንት ከጠንካራ የጉድጓድ ውሃ ጋር ስታደባልቁት ተያይዘው ነጭ ዝቃጭ ሆነው ይወርዳሉ። ገንዘቡን አውጥቶ ኩላንት የገዛ ሰው በአንድ ጀሪካን የቧንቧ ውሃ መድኃኒቱን ጭቃ አደረገው ማለት ነው። ከዚያም «ኩላንት አይረባም፣ ሞክሬዋለሁ» ይላል። ሰውየው ውሸት አላወራም፤ ያየውን ነው የተናገረው።

ሦስተኛው፣ እንደ ሊጥ የረጋው፣ የማይስማሙ ኩላንቶች ድብልቅ ነው። አረንጓዴ ነበረ፣ ቀይ ተጨመረበት፣ መንገድ ላይ ሰማያዊ ተገኘ። ቀለም ማለት አምራቹ የፈለገውን የጨመረበት ቀለም ነው እንጂ ደረጃ አይደለም፤ ሁለት አረንጓዴዎች ላይስማሙ፣ አረንጓዴና ቀይ ሊስማሙ ይችላሉ። መለያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ፣ ካልተቻለ ያለውን በሙሉ አውጥቶ በአንድ ዓይነት መሙላት። ከዚህ በላይ አላቆይም።

አራተኛው ግን ታሪክ አለው። ባለቤቱ የመርሳ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከአባቴ አይተናነስም። አይሱዙዋን ራሳቸው ነው የሚነዱት። ጋራዥ ሲመጡ ራዲያተሩን እያሳዩኝ «ልጄ፣ ወላሂ ይሄ ሦስተኛ ራዲያተሬ ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ በፊት ሲታጠብ የወጣው ምን ይመስል ነበር?» አልኳቸው።

«እንደ ሽሮ። ሽሮ ብቻ። አጥበው ሰጡኝ፣ በወሩ ተመልሶ ሽሮ። ቴስታታውንም አውርደው አስልገውታል፣ ጋርኒሲዮንም አዲስ ነው። ገንዘቤን ጨረስኩ፣ እሷ ግን ያው ናት።»

ክዳኑን ከፍቼ ጣቴን ሳስገባ ቡናማ፣ የሚያዳልጥ፣ ውሃ ብታፈሱበት የማይለቅ ነገር ነው። ትንሽ ወስጄ ወረቀት ላይ አሳረፍኩት፤ ውሃው ደርቆ በዙሪያው የዘይት ወዝ ቀለበት ሠራ። እንግዲህ ዘይት ነው። የሞተር ዘይት መለኪያውን መዝዤ ሳይ ዘይቱ ንጹሕ ነው፤ ውሃ የገባበት ዘይት እንደ ወተት ይነጣል፣ ይሄ አልነጣም። ሞተሩ ሲነሳም ራዲያተሩ ውስጥ የጋዝ አረፋ አይወጣም፤ ማኒኮቶውም በቀዝቃዛው አይነፋም። የተቃጠለ ጋርኒሲዮን ቢሆን እነዚህን ምልክቶች ይሰጥ ነበር።

ታዲያ ዘይቱ በየት ገባ? የብዙ ጭነት መኪና ዲዝል ሞተሮች ብሎካቸው ጎን የዘይት ማቀዝቀዣ አላቸው። በአንድ በኩል ዘይት፣ በሌላ በኩል ውሃ፣ መሃላቸው ስስ ብረት። ሞተሩ ሲሠራ የዘይቱ ግፊት ከውሃው ግፊት በብዙ ይበልጣል። ያ ስስ ብረት ቢበሳ ወይም ማሸጊያው ቢያልቅ ዘይቱ ወደ ውሃው ይተፋል እንጂ ውሃው ወደ ዘይት አይገባም፤ ዘይቱ ንጹሕ ሆኖ የታየው ለዚህ ነው። ማቀዝቀዣውን ፈትተን አንዱን አፉን ደፍነን በሌላው የኮምፕሬሰር አየር ሰጠነውና በርሚል ውሃ ውስጥ ነከርነው። ከአንድ ጥግ፣ ከመርፌ ቀዳዳ የምታንስ፣ የአረፋ ክር ወጣች። እሳቸው ጎንበስ ብለው አዩና «ለዚች ነው?» አሉ። ከዚያ ሌላ ምንም አልተናገሩም፤ ሄደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሁለት ራዲያተር፣ አንድ ማስላግ፣ የአንድ ክረምት ገቢ፤ ለዚያች አረፋ።

ይህን የማነሳው ከእኔ በፊት የነኩትን ባለሙያዎች ለማሳጣት አይደለም። እነሱ የተጠየቁትን ሠርተዋል፤ «ራዲያተር እጠቡ» ተባሉ፣ አጠቡ። ማንም ሰው ጭቃውን ወረቀት ላይ አሳርፎ አላየውም እንጂ።

አምስተኛው ጠርሙስ የሰው እጅ ሥራ ነው። ፍሳሽ ይደፍናል ተብሎ የተጨመረ ዱቄት፣ የእንቁላል አስኳል፣ ጋርኒሲዮን ሲገጠም ተርፎ የገባ የሲሊኮን ቁራጭ፣ ከጅረት በጀሪካን ሲቀዳ አብሮ የመጣ አሸዋና ቅጠል፣ ተበልቶ ያለቀ የፖምፓ ምላስ። ድንገተኛ ጊዜ ላይ እንቁላል ከመንገድ አውጥቶ ከተማ ያደርስ ይሆናል፤ አልከራከርም። ከተማ ከደረሱ በኋላ ግን የሚደፍነው ቀዳዳውን ብቻ አይደለም። ከውጭ በኩል የሚደፍነውንም አትርሱ፦ የጤፍ ገለባ፣ አቧራ፣ ጭቃ በራዲያተሩ ክንፎች መሃል። በ2013 ዓ.ም. መባቻ አንበጣ ሰሜን ወሎን በወረረ ጊዜ ራዲያተሩ በአንበጣ ተለስኖ ያፈላ መኪና አይተናል። እሱ በውሃና በብሩሽ ይለቃል፤ ብቻ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ እንጂ ከፊት አትግፉት፣ ኃይለኛ ግፊትም ክንፎቹን ያጣምማል።

እሺ፣ ምንጩ ታወቀ፣ ተዘጋም እንበል። እጥበቱ እንዴት ነው? ሞተሩ በርዶ፣ ከራዲያተሩ ሥር ብቻ ሳይሆን ከብሎኩም መፍሰሻ ነው የሚፈታው። ይህች የብሎክ መፍሰሻ ቡሎን ብዙዎቻችን ዘንድ ከፋብሪካ ከወጣች ተነክታ አታውቅም። ደለሉ ግን የሚተኛው እዚያ፣ የውሃው ፍጥነት በሚደክምበት በኋለኛው ሲሊንደር ሥር ነው። ፈትታችሁ ምንም ካልፈሰሰ ውሃ የለም ማለት አይደለም፤ በሽቦ ንኩት፣ ከጀርባው ጭቃ ነው ያለው። ራዲያተሩ ወርዶ ለብቻው፣ በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ከታች ወደ ላይ ውሃ ይሰጠዋል። ማሞቂያ ያለው መኪና ከሆነ የእሱም መስመር ለብቻው ይታጠባል፤ አለዚያ እዚያ የተረፈው ነገ ይመለሳል።

ለዝገትና ለነጭ ቅርፊት ሲትሪክ አሲድ ጥሩ ነው። በአንድ ሊትር ውሃ 50 ግራም ያህል በጥብጦ ሞልቶ፣ ሞተሩን እስኪሞቅ አስነስቶ ሩብ ሰዓት አሠርቶ ማፍሰስ። ከዚያ የሚወጣው ውሃ ጠርቶ እስኪወርድ ደጋግሞ በንጹሕ ውሃ ማጠብ፤ መሃል ላይ አንዴ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ ባለው ውሃ ማጠብ የቀረውን አሲድ ያበርደዋል። ለዘይት ግን አሲድ ምንም አያደርገውም፤ የሚፈልገው አረፋ የማያበዛ ሳሙና ነው። የልብስ ሳሙና ዱቄት የሚጨምሩ አሉ፤ አረፋው ፖምፓውን አየር ያስውጠውና ሞተሩ ሳይታጠብ ያሞቃል። የባትሪ አሲድና ኮስቲክ ሶዳን በተመለከተ አንድ ቃል ብቻ፦ ተዉት። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን እያፈላ ይበላል፤ ያሁኑ ዘመን ራዲያተር ደግሞ አሉሚኒየም ነው። ቆሻሻውን ከነራዲያተሩ ያጥበዋል።

እዚህ ላይ ስለ ቴርሞስታት የምታገለውን ትግል ላንሳ። አገራችን ውስጥ የማሞቅ መድኃኒት ተብሎ የሚሰጠው የመጀመሪያው ምክር «አውጥተህ ጣለው» ነው። ለእጥበት ጊዜ ይውጣ። ከዚያ ግን አዲስ ይገባል። በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው፤ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን ሲከፍት፣ ሞተሩ ሲነሳ ውሃው በአቋራጭ የሚዞርበትን ቦይ ይዘጋል። ሲወጣ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ይቀራል፤ ከፊሉ ውሃ ራዲያተር ሳያይ ይዞራል። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይበርዳል፣ ነዳጅ ይበላል፤ አቀበት ላይ ይበልጥ ያሞቃል። ከውርጌሳ እስከ ድልብ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ቁልቁለትና አቀበት ምን ያህል እንደሚፈራረቁ ያውቀዋል።

ሞልተን እንጨርስ። ኩላንቱ ግማሽ፣ ውሃው ግማሽ። ውሃውስ? የተጣራ የባትሪ ውሃ ከተገኘ እሱ ነው፤ ብቻ ከባትሪ አሲድ ጋር እንዳትምታቱ፣ ጀሪካኑ ይመሳሰላል። ካልተገኘ እግዜር የሰጠን አለ፦ የክረምት ዝናብ። የመጀመሪያው ዝናብ ጣራውን ካጠበ በኋላ በንጹሕ በርሚል የተጠራቀመ ውሃ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። በነጠላ አጥልሎ፣ ከድኖ ማስቀመጥ ነው። እሱም ከጠፋ የጉድጓድ ውሃን አፍልቶ፣ አሳድሮ፣ ከላይ ያለውን ብቻ መቅዳት ጥንካሬውን ይቀንሰዋል፤ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።

የሚፈሰውን አሮጌ ኩላንት ጉዳይም እዚሁ ልጨርሰው። ግላይኮል ጣፋጭ መርዝ ነው። ውሻ ይልሰዋል፣ ከብት ይጠጣዋል፣ ሕፃን ልጅም ሊቀምሰው ይችላል፤ ኩላሊት ይገድላል። የመርሳ ወንዝ የማንጎና የብርቱካን ማሳ ያጠጣል፤ ጋራዦቻችን ደግሞ ብዙዎቹ ከቦይ ዳር ናቸው። ቢያንስ በበርሚል እናጠራቅመው፣ እንክደነው።

አሁን መምህሮቻችንን ላስቸግር። እኔ ጋራዥ ውስጥ ሆኜ የማልችለው አንድ ነገር አለ፦ የውሃውን ጥንካሬ መለካት። የቆቦ–ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ለመስኖ ሲባል ብዙ ተጠንቷል፤ ለሾፌር የሚሆን ግን አንድም ወረቀት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አላየሁም። የወልድያ ቧንቧ፣ የመርሳ ቧንቧ፣ የጊራና ጉድጓድ፣ የሲሪንቃ፣ የጥቁር ውሃ፣ የአላ ውሃ፤ የቱ ለራዲያተር ይሆናል፣ የቱ አይሆንም? ይህ ለአንድ የኬሚስትሪና ለአንድ የሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ የሚበቃ የመመረቂያ ሥራ ነው። ቤተ ሙከራችን በጦርነቱ የደረሰበትን አውቃለሁ፤ ለዚህ ሥራ ግን ቢሮ የሚሞላ መሣሪያ አያስፈልግም። የጎደለ ካለም የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ጎረቤታችን ነው፤ ብንጠይቃቸው ምናልባት እንቢ አይሉም። ከውጭ አገር የመጣችሁ ተመራቂዎች ደግሞ ሻንጣ ጥግ የሚገባ፣ የኩላንትን ውፍረት በአንድ ጠብታ የሚለካ ሪፍራክቶሜትር የምትባል መሣሪያ አለች። በሚቀጥለው ስትመጡ ከሽቶው ጎን አንዷን ጣል አድርጉልን። አንድ ወልድያ፣ አንድ መርሳ ብትኖር ይበቃናል።

ለናሙናው ስድስት ንጹሕ ጠርሙስ አዘጋጅቻለሁ። መርሳና ጊራና ያሉትን እኒያ አይሱዙ ነጂ ሰውዬ እንደሚያመጡልኝ ቃል ገብተውልኛል። የወልድያውንና የአላ ውሃውን እኔ እቀዳለሁ። የሚረከበኝ መምህር ማን እንደሆነ ከምሳ በፊት ብትነግሩኝ ሰኞ ጠዋት ይዤ እመጣለሁ።